የልጅ ዓይን ሲቀላ፦ የቱ ጠብታ ይሻላል?

«የ6 ዓመት ልጄ ሁለቱም ዓይኖቹ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀልተዋል፣ ጠዋት በአይናር ተጣብቀው ነው የሚነሳው። ፋርማሲ ዴክሳሜታዞንና ኒዮማይሲን ያለበት ጠብታ ሰጡኝ፤ ጎረቤት ደግሞ የጡት ወተት ጨምሪበት ይላል። የቱ ይሻላል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

እህቴ፣ ሁለቱም ይቅሩ። የጡት ወተት ለጀርም ምግብ ነው። የጠብታውን ነገር ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዓይኑን እይው።

አይናሩን አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውሃ፣ በንጹሕ ጥጥ ጥረጊለት። ከአፍንጫው ወደ ጆሮው አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ጥጡ ይጣላል፤ ለሌላው ዓይን ሌላ ጥጥ። አሁን አንዱን ዓይን ሸፍነሽ በሌላው ጣትሽን ይቁጠር፣ ቀጥሎ ቀይሪ። አይናሩ ተጠርጎም እይታው ከደበዘዘ ተራ የዓይን መቅላት አይደለም። ከዚያ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳቢ። ቅላቱ ከቆቡ ውስጥ በርትቶ ወደ ጥቁሩ ክፍል ሲጠጋ የሚቀንስ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ጥቁሩን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከከበበው፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ሕመሙ ከመቆርቆር አልፎ ከጠዘጠዘው፣ ብርሃን ሲያይ ዓይኑን መክፈት ካቃተው ወይም ዓይኑን የመታው ነገር ካለ ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ጋ ውሰጂው። አዋቂ ከሆነና ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነም እንደዚሁ።

ይህ ሁሉ ከሌለ የቀረው ምክንያቱን መገመት ነው። ውሃ የመሰለ እንባ፣ ጉንፋን፣ ከጆሮ ፊት ለፊት የምትነካ ንፍፊት ካለ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ እስከ 2 ወይም 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብሶ መታየቱም የተለመደ ነው። ማሳከኩ ከሁሉ ከበለጠና በየዓመቱ ከተመላለሰ አለርጂ ነው። ጠርገሽው ብዙም ሳይቆይ ቀን ላይም የሚመለስ ቢጫ ወፍራም አይናር፣ ጠዋት ሁለቱም ተጣብቀው፣ ማሳከክ ሳይኖር ከሆነ ባክቴሪያ ይመስላል። የልጅሽም ወደዚህ ያደላል።

ለዚህ 1% የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም አይጠፋም። 1 ሳንቲ ሜትር ያህል በታችኛው ቆብ ውስጥ፣ ቱቦው ዓይኑን ሳይነካ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለ5 እስከ 7 ቀን። ለጥቂት ደቂቃ እይታውን ያደበዝዛል፣ አትደንግጪ። ሐኪም ጠብታ ካዘዘለትና ልጁ ከታገለሽ በጀርባው አስተኚው፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ በአፍንጫው በኩል ባለው ጥግ አንድ ጠብታ አድርጊና ይክፈት፤ ራሱ ይገባል። በ3 ቀን ካልተሻለው ይታይ።

ወደ ዴክሳሜታዞኑ ልመለስ፣ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። ስቴሮይድ ነው፤ ቅላቱን ቶሎ ያጠፋል፣ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ጀርሙን ግን አይገድልም። ቅላቱ የመጣው ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ ከሆነ ጥቁሩ ላይ ያለውን ቁስል ያሰፋዋል፤ ሄርፒስ መሆኑን ደግሞ በባዶ ዓይን መለየት አይቻልም፣ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ተደርጎ በመሣሪያ ነው የሚታየው። ብልቃጡ ቤት ይቀመጥና ባሳከከው ቁጥር መጨመር ይጀመራል። ለሳምንታት ሲቀጥል የዓይን ግፊት ከፍ ይላል፤ ሕመም ሳይኖረው የዓይን ነርቭን ይበላል፣ ግላኮማ የሚባለው ነው። የዓይን ሞራም ያስከትላል። አንቲባዮቲኩ ኒዮማይሲን ራሱ አንዳንዱን ሰው አለርጂ ያደርገውና ቆቡን ያሳብጠዋል፤ ሰው ግን «በሽታው ባሰበት» ብሎ ይጨምርበታል። ስለዚህ ስትገዢ መለያው ላይ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላው ስቴሮይድ ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለ፣ የዓይን ሐኪም አይቶ ካላዘዘ መልሺው።

ቤት ውስጥ ጨቅላ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በተወለደ በ28 ቀን ውስጥ ዓይኑ ያበጠና መግል የያዘ ሕፃን ቅባት ተቀብቶለት አይጠበቅም፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ይወሰዳል። በተለይ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን የሚጀምር ብዙ መግል የጨብጥ ሊሆን ይችላል፤ በአጭር ጊዜ ጥቁሩን ይበሳዋል። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በመርፌ ያስፈልገዋል፣ እናትና አባትም አብረው ይታከማሉ።

ፎጣና ትራሱ ለብቻው ይሁን። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የእጅ አልኮል ዓይን ለሚያቀላው ቫይረስ አያስተማምንም። ቅባቱንም ወንድም እህት አይጋሩት። መግሉ እስኪቆም ትምህርት ቤት ባይሄድ ይሻላል።