ማግኔት ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል? ጥያቄና መልስ

የምሠራው ኤምአርአይ (በትልቅ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ማሽን) ክፍል ነው። በር ላይ የሚጠይቁኝን ሰዎች ሁሌም በችኮላ ነው የምመልሰው። ዛሬ ጊዜ አለኝ፤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደማችን ውስጥ ብረት አለ አይደል? ማሽኑ አይስበውም?

መልስ፦ ይሄ ሳይጠየቅ የዋለበት ቀን የለም። ብረቱስ አለ። ግን ሄሞግሎቢን የሚባለው የደም ፕሮቲን ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው፤ እንደ ሚስማር አልተጠራቀመም። እንዲያውም ኦክስጅን የያዘ ደም ማግኔትን ትንሽ ይሸሻል፤ ኦክስጅኑን ያራገፈው ትንሽ ይሳባል። ሁለቱም አይሰማችሁም።

ጥያቄ፦ ሥጋስ?

መልስ፦ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃም ማግኔትን በትንሹ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔዘርላንድስ ውስጥ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ እነ አንድሬ ጋይም 16 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ በሆነ ማግኔት አንዲት እንቁራሪት አየር ላይ አንሳፍፈዋል። ምንም አልሆነችም። የሆስፒታል ማሽኖች ባብዛኛው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። 7 ቴስላው ላይ ግን ሲገቡና ሲወጡ የሚያዞራቸው አሉ፤ የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ስለሚገፋ ነው። ከወጡ በኋላ ይለቃቸዋል።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። ለወገቤ ኤምአርአይ ታዞልኝ ብሄድ ስለ ዓይኔ ጠየቁኝ። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቀህ ሰው ሥራውን ያውቃል። ብረት ስትቆርጥ የዘለለች ፍንጣሪ ሳታውቃት ዓይንህ ውስጥ ቀርታ ከሆነ ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሳት ይችላል። ዓይን ያጠፋል። ለዚህ ነው አስቀድሞ ራጅ የሚታዘዘው። ክፍሉ ውስጥ የምንፈራው ይዛችሁ የምትገቡትን ብረት ነው፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የፀጉር ሽቦ። በቀደም አንዲት እናት ጥለቱ የሚያብለጨልጭ ነጠላ ደርበው መጡ። ክሩ ብረት ካለው በማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ግሎ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። «እማማ፣ ነጠላዎን ልያዝልዎት» ብላቸው ቅር እያላቸው ሰጡኝ። መብራት ጠፋ ብላችሁም አትዘናጉ። መብራት ቢሄድም ማግኔቱ እዚያው ነው!

ጥያቄ፦ የማግኔት አምባር ለቁርጥማት?

መልስ፦ ገንዘብሽን ቆጥቢ።

ጥያቄ፦ ውጭ ያለች እህቴ ለድብርት የማግኔት ሕክምና ጀመረች። የአምባሩ ዘመድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የአምባሩ ማግኔት ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። የእሷ ግን በቅጽበት ይበራል፣ ይጠፋል። ሲለዋወጥ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ነርቭ ደግሞ ቋንቋው ኤሌክትሪክ ነው። ተመራማሪዎቹ እነ አንቶኒ ባርከር እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ውስጥ ሲያሳዩት ጭንቅላት ላይ ሲያደርጉት እጅ ይንቀሳቀስ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ለድብርት ፈቅዳዋለች። የሚጥል በሽታ ካለባት ግን ቀድማ ትንገራቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ትንንሽ የመጫወቻ ማግኔት ዋጠ። ደህና ነው፣ ይጫወታል። እስኪወጣ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ! ይህን ማንበብ ትተሽ ሆስፒታል ሂጂ። አንድ ቢሆን ሊያልፍ ይችል ነበር። ሁለት ሲሆኑ ግን በተለያየ የአንጀት እጥፋት ሆነው ይሳሳባሉ። መሃል የተቆነጠጠው አንጀት ደም ያጣና ይበሳል። ራጅ ላይ ተጣብቀው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሁለት መሆናቸውን ለሐኪሙ ንገሪው።