ክፍሉም ጠበበ፣ ገንዘቡም አነሰ

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ልጆች መኝታ ክፍል ናቸው። የመጀመሪያዋ እናት የክፍሏን ልክ ጭምር ስለላከችልኝ ለእሷ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ሴት ልጅና የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። እስካሁን የሚተኙት ከእኛ ጋር ነው። አሁን ዕቃ እናከማችበት የነበረውን ክፍል ልንለቅላቸው ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ10 ነው። በሩ በአንደኛው ጠባብ ግድግዳ ጥግ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ ይከፈታል። መስኮቱ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቴ ተደራራቢ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የጥናት ጠረጴዛ አንድ ላይ ያለው ሙሉ ዕቃ በዱቤ እንግዛ ይላል። እኔን ዕዳውም ያስፈራኛል፣ ክፍሉም የሚታፈን ይመስለኛል። ከምን ልጀምር? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ስጋትሽ ልክ ነው። ሙሉ ዕቃውን ተዉት። ባለቤትሽም ለልጆቹ አስቦ ነውና ይህን መልስ አብራችሁ አንብቡት። ቁጥሩን ሲያይ የሚስማማ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ክፍሉን ባዶ አድርጉት። አንድም ነገር አይቅር። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ ሰብስቡ። ጋዜጣውን በፕላስተር እያያያዛችሁ በምታስቡት ዕቃ ልክ ቁረጡና ወለሉ ላይ አንጥፉት። በሩን ክፈቱት፣ ዝጉት። ልጆቹን አስገቡና ይራመዱበት። እኔ ለመጀመሪያ ልጄ ክፍል ሳዘጋጅ ይህን አላደረግሁም። በዓይኔ ገምቼ ጠረጴዛ ገዛሁ። ቤት ሲገባ በሩ ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ። ጠረጴዛውን እስክናወጣው ድረስ ስንት ወር በጎን እየገባን እንደኖርን አልረሳውም።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ክፍላችሁ 6 ካሬ ሜትር አይሞላም። 90 በ190 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ነጠላ አልጋ 1.7 ካሬ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ሁለት አልጋ ካስገባችሁ 3.4 ሄደ። በሩ 80 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው፣ ሲከፈት የሚጠርገው ቦታ ብቻ ግማሽ ካሬ ሜትር ነው። የሚተርፋችሁ 2 ካሬ ሜትር እንኳ አይሆንም። ያውም ቁም ሳጥኑና ጠረጴዛው ገና ሳይገቡ። ልጅ ደግሞ የሚጫወተው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ለእኔ የልጆች ክፍል ውስጥ ትልቁ ሀብት ባዶ ወለል ነው። የትኛውም ዕቃ ከመግባቱ በፊት ስንት ወለል እንደሚበላ ለኩ።

"ተደራራቢ አልጋ ወለል ያተርፍ የለም ወይ?" ትይኝ ይሆናል። ያተርፋል። ግን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ እንዲተኛ አይመከርም። ልጅሽ ገና ድንበሩ ላይ ናት። የላይኛው አልጋ መከላከያም ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ወፍራም ፍራሽ ያስገባና መከላከያው ተውጦ ይቀራል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ትንሹ ነው። ማታ ታች ይተኛል እንበል። ቀን መሰላሉን ማን ይጠብቀዋል?

የእኔ ምርጫ ከስር የሚሳብ አልጋ ነው። ለትልቋ አንድ ተራ ነጠላ አልጋ። ከስሩ ዝቅ ያለ፣ ጎማ የተገጠመለት የጣውላ ርብራብ፤ በላዩ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ። ማታ ይሳባል፣ ጠዋት ተመልሶ ይገፋል። አልጋው ቤት ውስጥ ካለ ወይም ያገለገለ ካገኛችሁ፣ ከስር የሚሳበውን ማንኛውም አናጺ ይሠራዋል። የአልጋው እግር ካጠረ ደግሞ አናጺው ከፍ ያድርግላችሁ።

ልኩ እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቺ። አልጋውን ረጅሙን ግድግዳ አስይዛችሁ ወደ መስኮቱ ጫፍ ግፉት። ከ280 ላይ 190 ሲቀነስ 90 ይተርፋል። በሩ እንዳልነው 80 ከሆነ አልጋውን አይነካም። ከስር የሚሳበው 85 ስፋት ካለው ሁለቱ ማታ ተዘርግተው 175 ይይዛሉ። ክፍሉ 210 ነው። ስለዚህ ከአልጋው ማዶ፣ በሌላኛው ረጅም ግድግዳ በኩል 35 ሴንቲሜትር ይቀራችኋል። ቁም ሳጥኑን የሚተካው ይህ 35 ሴንቲሜትር ነው።

የአዋቂ ቁም ሳጥን 60 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት የሚኖረው ኮትና ሸሚዝ በመስቀያ ተንጠልጥሎ በጎኑ እንዲገባ ነው። የልጅ ልብስ ይህን ሁሉ አይፈልግም። ታጥፎ 30 ሴንቲሜትር ላይ ይበቃዋል። ስለዚህ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ በር የሌለው፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ አሠሩ። በር ከሌለው ለመክፈቻ ቦታ አይፈልግም፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ታችኛው ረድፍ ላይ መጫወቻ፣ መካከሉ ላይ በየቀኑ የሚለበስ ልብስ፣ ከላይ ደግሞ ወቅቱ ያልደረሰ ልብስ በካርቶን ይሁን። ካርቶኖቹ ላይ የልብሱን ሥዕል ሳይና ልጅሽ ቀለም ትቀባው። ማንበብ የማይችለው ትንሹም ካልሲው የት እንዳለ ያውቃል።

ልጅ የሚደርስበት መደርደሪያ የምለው ለውበት ብዬ አይደለም። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ከፈተች። በልጅ ልክ የተሠራ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ልጅ ራሱ አንስቶ ራሱ የሚመልስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ የዘዴዋ መለያ ሆኑ። ቤት ውስጥም ያው ነው። እጁ የማይደርስበትን ነገር ልጅ አይመልስም። "አንሳ፣ አስተካክል" እያልን የምንጮኸው ብዙ ጊዜ ቦታው ለእኛ ቁመት ስለተሠራ ነው።

መጫወቻው በዛ የምትሉ ከሆነ ግማሹን በካርቶን አድርጋችሁ አንሱት። በየሁለት ሳምንቱ ቀያይሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕፃናትን አንዴ በ4፣ አንዴ በ16 መጫወቻ አጫውቶ አስተያይቷል። 4 ብቻ ሲቀርብላቸው በአንዱ መጫወቻ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ በተለያየ መንገድም ተጫወቱበት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

የጥናት ጠረጴዛ ለጊዜው አያስፈልጋችሁም። አንድ ጣውላ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ አስይዙ፤ ሲፈለግ ይዘረጋል፣ ሲያበቃ ይታጠፋል። ዋናው ከፍታው ነው። የልጅሽ ቁመት 115 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ መቀመጫዋ ከመሬት 31፣ ጠረጴዛዋ 53 ሴንቲሜትር ይሁን። ስትቀመጥ እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጡን እይ። ከ120 ስታልፍ ጣውላውን ነቅላችሁ 59 ላይ መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ። መቀመጫውም ያኔ 35 ይሆናል።

አሁን ወደማልደራደርበት ነገር ልምጣ። ትልቋ ልጄ 4 ዓመቷ ነበር። ባለ አራት መሳቢያ የልብስ ሳጥን ነበረን፤ ቁመቱ ከእሷ ይበልጣል። አናቱ ላይ የተቀመጠ አሻንጉሊት ፈለገች። ታችኛውን መሳቢያ ሳበችና ወጣችበት። ሁለተኛውን ሳበች። ሦስተኛውን ስትስብ ሳጥኑ ወደ ፊት መጣ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሮጬ ስደርስ ሳጥኑ የአልጋው ጠርዝ ላይ አርፏል። ልጄ ከስሩ በተረፈችው ክፍተት ተኮራምታ ቁጭ ብላለች። አንድ ጭረት አልነካትም። አልጋው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

መሳቢያዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ የሳጥኑ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል። የልጅ ክብደት ሲጨመርበት በቀላሉ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መደርደሪያውም ሆነ ማንኛውም መሳቢያ ያለው ዕቃ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ሁለት የማዕዘን ብረት፣ ብሎንና ፊሸር (ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይበቃል። ብሎኑ ዋናውን እንጨት ይያዝ፤ ከኋላ የሚለጠፈው ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ከሆነ ይቀደዳል። ሚስማር ብቻ መምታትም አይበቃም። አሥራችሁ ስትጨርሱ በሙሉ ጉልበት ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ከተነቃነቀ እንደገና ሥሩት።

የአልጋው ጫፍ ወደ መስኮቱ ስለሚጠጋ መስኮቱ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይከፈት ማገጃ አድርጉለት። የመጋረጃ ገመድ ካለ ልጅ ከማይደርስበት ሰብስባችሁ እሰሩት። ገመድ የልጅ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

ገንዘቡን እንዲህ ብታወጡት ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ፍራሽ፤ እሱን አዲስ ግዙ። ያገለገለ ፍራሽ ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ከፍራሹ ዋጋ ይበልጣል። ቀጥሎ ማሰሪያ ብረቱና ብሎኑ። ከዚያ መደርደሪያው። አልጋው ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት በባትሪ ብርሃን መጋጠሚያውንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ፈትሹ፣ ያዙና ነቅንቁት። ቀለምና ምንጣፍ ገንዘብ ሲተርፍ ይደርሳሉ። ቀለም ስትቀቡ መደርደሪያውንና ግድግዳውን በአንድ ዓይነት ፈካ ያለ ቀለም ቀቡት። መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ይመሳሰልና ክፍሉ ሰፋ ይላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የሠሩት ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለኝ። ከባድ ክዳን አለው፤ ላዩ ላይ አሮጌ ቀለም ተቀብቷል፣ ትንሽ ተላልጧል። ለ2 ዓመት የልጅ ልጄ የመጫወቻ ማስቀመጫ ላድርገው ብዬ በሻካራ ወረቀት ልፍቀውና ልቀባው አስቤያለሁ። — አያት

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ ሻካራ ወረቀቱን ያስቀምጡት። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ (የሚጻፍበት ሳይሆን ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። አሜሪካ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ የከለከለችው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንዲህ ያለ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ቤቱን ይሞላል። የ2 ዓመት ልጅ ደግሞ ወለል ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እርሳስ በተለይ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ቀለሙ መመርመር የሚችልበት ቦታ ካለ ያስመርምሩ። ካልሆነ ሳጥኑ ልጁ በማይገባበት በእርስዎ ክፍል ይቀመጥ፤ ብርድ ልብስ ይያዝልዎት። የተላላጠውን እርጥብ ጨርቅ ይዘው ይጥረጉት፤ ጨርቁንም ይጣሉት።

ቀለሙ ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ ክዳኑ ይነሳ። ልጅ ጎንበስ ብሎ መጫወቻ ሲፈልግ ከባድ ክዳን አንገቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ውስጥ ገብቶ ተደብቆም ሊዘጋበት፣ አየር ሊያጥረው ይችላል። የአባትዎ እጅ ያረፈበትን እንጨት መለየት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ክዳኑን አይጣሉት። ልጁ ሲያድግና አደጋውን ሲረዳ ይመለስለታል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ግድግዳ መብሳት አይፈቅዱም። የ5 ዓመት ልጄን ክፍል እንዴት ላድርገው? — ተከራይ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግድግዳ ካልተበሳ ከልጅህ ወገብ የሚበልጥ ቁመት ያለው ዕቃ አታስገባ። በተለይ ባለ መሳቢያ ሳጥን። ልብሱን ከአልጋው ስር በጎማ በሚሳቡ ዝቅ ያሉ ሳጥኖች አድርግ። ጃኬትና ቦርሳ በሩ ጀርባ ላይ በሚንጠለጠል መስቀያ ይሰቀል። መስቀያውን ልጅህ በሚደርስበት ከፍታ አድርገው። መጽሐፍ በሰፊ ቅርጫት መሬት ላይ ይቀመጥ። እነዚህ ምንም ቀዳዳ አይፈልጉም።

ግን አከራይህን አንድ ጊዜ እንደገና አነጋግራቸው። "ግድግዳ ልብሳ" ብለህ ሳይሆን "መደርደሪያ ልጄ ላይ እንዳይወድቅ በሁለት ብሎን ላስረው" በላቸው። ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገህ አሳያቸው። ስትለቅ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነህ ራስህ እንደምትቀባው ንገራቸው። ከፈቀዱልህ ከቀለሙ ትንሽ በቆርቆሮ አስቀር፤ በኋላ ያንኑ ዓይነት ፍለጋ አትቸገርም።