ሂሳቡን ከሐምሌ ጀምር፤ 3000 ዋት የሚለውን ጽሑፍ ተወው

ወንድሜ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ቤትህ ከሞጣ ወጣ ብሎ ነው፣ የመብራት መስመር ስላልገባ በፀሐይ (ሶላር) ልትሠራ አስበሃል። 6 አምፖል፣ 32 ኢንች ቲቪ ከነሪሲቨሩ፣ 4 ስልክና 1 ላፕቶፕ አለህ፤ ከዓመት በኋላ ትንሽ ፍሪጅ አስበሃል። ሻጩ «12 ቮልት 200 አምፔር ጄል ባትሪና 3000 ዋት ኢንቨርተር ውሰድ፣ ከበቂ በላይ ነው» ብሎሃል። አንተ ደግሞ ሊቲየም ይሻል እንደሆነ፣ የእንጀራ ምጣድም ይሠራ እንደሆነ ትጠይቃለህ።

ባትሪው ለዛሬው ዕቃህ ያስኬዳል። ኢንቨርተሩን ግን አትውሰድ።

1ኛ፦ መጀመሪያ የቀን ፍጆታህን በዋት-ሰዓት ደምር። አምፖሎቹ 9 ዋት ከሆኑ 6ቱ ለ5 ሰዓት ሲበሩ 270 ነው። ቲቪው 50 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 200። ሪሲቨሩ ለዚያው ሰዓት ወደ 50። ስልኮቹ ባንድ ላይ 60። ላፕቶፑ 50 ዋት ለ3 ሰዓት፣ 150። ድምሩ 730 ዋት-ሰዓት። ኢንቨርተሩ ወደ 220 ቮልት ሲቀይር ከ10 እስከ 15 በመቶው በሙቀት ስለሚጠፋ ከባትሪው የሚወጣው 830 ገደማ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያሰላዋል። የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ መብራቱ ብቻ ብልጭ እያለ ይበላል። ትልልቆቹ ባዶአቸውን 30 ዋት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። 30ን በ24 ሰዓት አባዛው፤ 720 ዋት-ሰዓት። ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠቀመው 730 ነበር! ስለዚህ ያ «ከበቂ በላይ» የተባለው ኢንቨርተር ሌላ አንድ ሙሉ ቤት ደብቆ ይዞብህ ይገባል ማለት ነው። ጥሩ የሚባል 1000 ዋት ኢንቨርተር ባዶውን 10 ዋት ገደማ ይበላል፤ ማታ ለ8 ሰዓት ብቻ ከፍተህ ከተኛህ በኋላ ብታጠፋው 80 ዋት-ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ከመግዛትህ በፊት መመሪያው ላይ «ኖ ሎድ» የሚለውን ቁጥር (ባዶውን የሚበላውን) ፈልግ። በአምፔር ከተጻፈ በ12 አባዛው። ቁጥሩን ለማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

2ኛ፦ ኢንቨርተሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለሴኮንዶች ብቻ የሚችለው ነው። ሳያቋርጥ የሚሸከመው ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ማጣራት ከባድ አይደለም። እውነተኛ 3000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ከ250 አምፔር በላይ ይስባል። ፊውዞቹ የሚታዩ ከሆነ ቁጠራቸው። 40 አምፔር የሆኑ 4 ፊውዞች ካሉ 160 አምፔር ነው፤ በ12 ሲባዛ 1,920 ዋት። ከካርቶኑ ውስጥ የወጣው ኬብል እንደ እርሳስ የቀጠነ ከሆነማ 3000 ዋት የሚለው ወሬ ነው።

«ፒዩር ሳይን ዌቭ» (እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) የሚል ካልሆነ አትግዛ። «ሞዲፋይድ» የሚባለው አምፖልና የስልክ ቻርጀር ያሠራል፤ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ግን ያጉረመርምበታል፣ ይሞቅበታል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከፍታውንም አትርሳ። ደብረ ማርቆስም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዣው አቅም ያጣል፤ ብዙ መመሪያዎች ከ2,000 ሜትር በላይ ጭነት ቀንሱ ይላሉ። ስለዚህ ከሚያስፈልግህ 20 ወይም 25 በመቶ ጨምረህ ግዛ፣ ሦስት እጥፍ ግን አያስፈልግህም።

አሁን ባትሪ ወደሚገድለው ነገር ልምጣ። ርካሽ ኢንቨርተሮች ባትሪው 10.5 ቮልት እስኪደርስ ድረስ አያጠፉም። የእርሳስ ባትሪ፣ ጄልም ቢሆን፣ 10.5 ሲደርስ አልቋል። ግማሹ ላይ ስትደርስ፣ ዕቃው ጠፍቶ ጥቂት ሲያርፍ፣ 12.2 ቮልት አካባቢ ነው የምታነበው፤ ማቆም ያለብህ እዚያ ነው። ሰው ሁሉ «ቻርጅ ኮንትሮለሩ (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ያለው የመሙያ መቆጣጠሪያ) ይጠብቅልኛል» ብሎ ይተማመናል። ኮንትሮለሩ የሚቆርጠው የራሱ የጭነት መውጫ ላይ የተሰካውን ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለሚታሰር ኮንትሮለሩ አያዘውም። ስለዚህ መቁረጫ ቮልቴጁ የሚስተካከል ኢንቨርተር ግዛ፤ ለጄል ጭነት ላይ እያለ 11.8 አካባቢ ላይ አድርገው። ይህችን አንዲት ቁጥር የሚነግር ሻጭ በጣም ጥቂት ነው፤ ስንት ቤት አዲስ ባትሪ በዓመቱ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ያናድደኛል።

3ኛ፦ ጄል ወይስ ሊቲየም? 12 ቮልት 200 አምፔር (ሱቅ እንዲህ ይበሉት እንጂ ለባትሪ ትክክሉ አምፔር-ሰዓት ነው) ጄል በወረቀት 2,400 ዋት-ሰዓት ነው፣ ግማሹን ብቻ ስለምትጠቀም 1,200። ሊቲየም ፎስፌት 12.8 ቮልት 100 አምፔር 1,280 ነው፤ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ስለምትጠቀም ከ1,000 እስከ 1,150። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድር የ200ውን ጄል ከ100ው ሊቲየም ጋር አወዳድር፤ 200ን ከ200 ጋር ካወዳደርክ ሊቲየሙ ሁልጊዜ የማይቀመስ ይመስልሃል። ጄል ግማሹን ብቻ እየተጠቀምክበት ከ500 እስከ 1,000 ዙር ያህል ይሄዳል፣ ሊቲየም ፎስፌት ከ2,000 በላይ። ዓመት 365 ዙር ነው።

የእኛን አገር ግን ከዙሩ በላይ የሚመለከተው ክረምቱ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲከርም ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ቅርፊት ይጋገራል፤ ከተጋገረ በኋላ በመስከረም ፀሐይ አይመለስም። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ሳይገልጥ ሲቀር ጄልህ ለሳምንታት በግማሽ ይቆያል ማለት ነው። ሊቲየም ፎስፌት በግማሽ መክረሙ አይጎዳውም። ፓኔሉን ለክረምት በሚበቃ መጠን መጨመር ካልቻልክ፣ ለሊቲየም የምትጨምረው ገንዘብ ከሁሉ በፊት የሚመለሰው በዚህ ነው።

ሊቲየም ከወሰድክ «ቢኤምኤስ» የሚባለው በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ስንት አምፔር እንደሚያወጣ ጠይቅ። 50 አምፔር ከሆነ በ12 ቮልት 600 ዋት ገደማ ነው፤ ፍሪጅ ሊነሣ ሲል ቤቱን ጨለማ ያደርገዋል። 100 አምፔር የሚችለውን ፈልግ። ኮንትሮለሩም የሊቲየም ምርጫ ይኑረው፦ መሙያ ቮልቱ ከ14.2 እስከ 14.4፣ ከሞላ በኋላ መያዣው 13.5 ቮልት። ለጄል መሙያው 14.1 አካባቢ ሲሆን «ኢኳላይዝ» የሚለውን አጥፋው፤ ያ ለውሃ ባትሪ ነው፣ ጄሉን ያፈላዋል። የመኪና ባትሪ በርካሽ አገኘሁ ብለህ አታስብ። ሳህኑ ስስ ነው፣ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለመብራት አልተሠራም።

ሱቅ ስትሄድ ሁለት ነገር ይዘህ ሂድ፦ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) እና የሚዛን ሐሳብ። እውነተኛ 200 አምፔር ጄል ከ55 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል። እህል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አውጣው፤ 40 ኪሎ ከመጣ ተለጣፊው ነው እንጂ ባትሪው 200 አይደለም። እርሳስን በወረቀት ማብዛት አይቻልም። ቀጥሎ ምንም ሳይሰካበት ቮልቱን ለካ። 12.8 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ ግን መደርደሪያ ላይ ብዙ ወር ከርሟል ማለት ነው፤ ዋስትና አለው ቢሉህም ተወው። የዋስትና ወረቀቱ ላይ የባትሪው ተከታታይ ቁጥርና የሱቁ ማኅተም ከሌለ በክርክር ቀን አይረዳህም።

ፍሪጁን በእርግጥ ካሰብክ ግን ዛሬውኑ በ24 ቮልት ጀምር። ትልቁ ምክሬ ይህ ነው። በ12 ቮልት ከጀመርክ በዓመቱ ኢንቨርተሩንም ልትቀይር ነው፤ አንድ ዓመት ያገለገለውን ባትሪ ከአዲስ ጋር በሲሪስ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) ብታስረው ደግሞ ደካማው ቶሎ እየሞላና ቶሎ እያለቀ አዲሱንም ይዞት ይወድቃል። ትንሽ ፍሪጅ በቀን 700 ዋት-ሰዓት ያዝለት። ከነኪሳራውና ኢንቨርተሩ 24 ሰዓት ሲከፈት ከሚበላው ጋር ወደ 2,000 ይጠጋል። ለዚህ ሁለት 200 አምፔር ጄል በሲሪስ፣ ወይም 25.6 ቮልት 100 አምፔር ሊቲየም፣ ከ1,500 ዋት ፒዩር ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር ጋር ይበቃል። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ከ1,500 አትውረድ።

ፓኔሉን በሐምሌ ፀሐይ አስላ። በበጋ ሙሉ ጉልበት ያለው ፀሐይ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ቢገኝም፣ ለክረምት 4 ሰዓት ብቻ ያዝ፤ ከሱም ላይ ለአቧራ፣ ለሙቀትና ለኬብል 30 በመቶ ቀንስ፣ 2.8 ይቀርሃል። 2,000ን ለ2.8 ስታካፍለው 714 ዋት፣ ማለትም ሁለት ባለ 400 ፓኔል። ያለ ፍሪጅ አንድ ባለ 400 ይበቃሃል። ኮንትሮለሩ «ኤምፒፒቲ» (የፓኔሉን ሙሉ ጉልበት የሚያወጣው ዓይነት) 40 አምፔር ይሁን። «ፒደብልዩኤም» የሚባለው ርካሹ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል፤ ባለ 400 ፓኔል በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 170 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጥሃል።

ሁለቱን ፓኔሎች በሲሪስ ከማሰርህ በፊት ጀርባቸው ላይ «ቪኦሲ» የሚለውን (ምንም ሳይሰካበት ፓኔሉ ያለውን ቮልት) ደምር። 37 ቮልት ከሆኑ 74 ይሆናል፣ 100 ቮልት ለሚችል ኮንትሮለር ምቹ ነው። 49 ከሆኑ 98 ነው፤ በወረቀት ያለፈ ይመስላል፣ ግን በኅዳር ውርጭ ማለዳ ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ 5 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ከ100 አልፎ ኮንትሮለሩን ያቃጥለዋል። ሁሉን ባንድ ሳጥን የያዘ «ሃይብሪድ» ኢንቨርተር ከመረጥክ ደግሞ ተቃራኒው ወጥመድ አለ። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ከፓኔል ቢያንስ 120 ቮልት ካላገኙ አይነሡም፤ ሁለት ፓኔል ሰቅለህ ፀሐይ እየወጣ ባትሪው አይሞላም፣ ገጣሚውም «ፓኔሉ ነው የተበላሸው» ይልሃል።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ በትንሹ ይዘንብል። 1.7 ሜትር ርዝመት ላለው የላይኛውን ጫፍ 35 ሳንቲም ሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብልሃል። ከዚያ በላይ አታቁመው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታደላለች። ባሕር ዛፍ ደግሞ የሁላችንም ጠላት ነው። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ጥቂት ሴሎች ላይ ካረፈች የፓኔሉ ሲሶ ይጠፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይደርስበትን የቆርቆሮ ወገን ምረጥ፤ ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ሳትሰቅል በፊት ተነጋገር።

ኬብል ላይ አትቆጥብ። 12 ቮልት ላይ 1000 ዋት ወደ 95 አምፔር ነው፤ ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር 35 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ ርዝመቱም ከ1 ሜትር አይብለጥ፣ ፊውዙ 125 አምፔር። በ24 ቮልት 1,500 ዋት ወደ 70 አምፔር ስለሆነ 25 ካሬና 100 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲም ሜትር ውስጥ ይሁን። ለቤት የሚሸጠውን ተራ ብሬከር ባትሪ ላይ አታስገባ፤ የዲሲን (ከባትሪና ከፓኔል የሚወጣውን ኤሌክትሪክ) ብልጭታ ማጥፋት አይችልም፣ ሲቆርጥ ውስጡ ይቀልጣል። የኬብሉን ጫፍ በካፖኮርዳ (ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ባለው የኬብል ጫፍ)፣ ያውም በመጭመቂያው ተጨምቆ እሰረው። ክሩን ፈትሎ በብሎን ላይ መጠምጠም የላላ ግንኙነት ነው፤ የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ቀጥሎ የሚነደው ቤቱ ነው። ከወር በኋላ፣ ቲቪውና ላፕቶፑ እየሠሩ፣ ብሎኖቹን በእጅህ ጀርባ ንካ። ከሌላው የሚሞቅ ካለ አጥፍተህ አጥብቀው።

ባትሪውን ከማድ ቤት አርቀው፣ ጭስና ጥላሸት የኢንቨርተሩን ማራገቢያ ይደፍነዋል። ጭድም አይጠጋው። ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው፣ አይጥ ትበላዋለች። መብረቅ ስለሚበዛብን የፓኔሉን ብረት በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር አገናኘው።

ምጣድ ጠይቀህ ነበር። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፣ በ12 ቮልት ወደ 300 አምፔር ነው የሚስበው። አንድ ጊዜ ጋግረህ ስትነሣ ሁለቱም ባትሪ አልቋል። ምድጃና ካውያም እንዲሁ።

ከመክፈልህ በፊት የባትሪውን፣ የኢንቨርተሩንና የፓኔሉን የጀርባ ጽሑፍ ሦስት ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልን፤ ፍሪጁን ትገዛ እንደሆነም አብረህ ጻፍ፣ 12 ይሁን 24 የሚለው የሚወሰነው በሱ ነው።