ከሆጤ ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወጣው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ቡድናችን ከሁለት ሳምንት በኋላ አዳማ ላይ የሚያደርገውን ጨዋታ ልታይ አስበሃል። እዚህ ደሴ ካለው ከሆጤ ስታዲየም ውጪ ጨዋታ አይተህ አታውቅም። ከደጋፊዎች ጋር በኪራይ አውቶቡስ ልሂድ ወይስ ብቻዬን ብለህ ታመነታለህ፤ እናትህ ደግሞ «አይሆንም» ብለዋል። በመጨረሻም «ለዘጠና ደቂቃ ያን ያህል ድካም ይገባዋል ወይ?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ገሚሶቹ «ሂድ ጀግና»፣ ገሚሶቹ «በስልክህ ውጤቱን ተከታተል» አሉህ። ሁለቱም መልስ አይደለም። እኔ ለስምንት ዓመት ያህል የጉዞ ገንዘብ ሰብሳቢ ነበርኩ፤ ሌላው ሲጨፍር የስም ዝርዝር ይዞ የአውቶቡሱ በር ላይ የሚቆጥረው ሰው ማለት ነው። ነገሩን ከዚያ በር ላይ ሆኜ ልንገርህ።

የእኔ የመጀመሪያ የውጪ ጉዞ ኮምቦልቻ ነበር። እንዳትስቅ፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ነገር ግን የሐረጎን ቁልቁለት አይሱዙ ላይ ቆሞ እየጨፈረ የወረደ ሰው ርቀትን በኪሎ ሜትር አይለካም። ከደሴ ስንነሳ ጉሙ ፒያሳን ውጦታል፤ ሁላችንም ካፖርትና ጋቢ ደርበናል። በየጠመዝማዛው አንዳንድ ልብስ እያወለቅን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ በማሊያ ብቻ ቀረን። ካፖርቱን የሚይዝልን ጠፋ፤ ጨዋታውን ሙሉ ታቅፈነው ዘለልን። የባለሜዳው ደጋፊዎች «ደሴዎች አልጋቸውን ይዘው መጡ!» እያሉ ተሳለቁብን። ተሸነፍን። ማታ እዚያው ኮምቦልቻ የምትኖር አክስቴ ጋር እራት ነበረኝ፤ እሷ ደግሞ የከተማዋ ቡድን ቀንደኛ ደጋፊ ናት። ሽሮውን አቀረበችና «ዶሮው ለአሸናፊው ነው» አለችኝ። ዶሮው በኋላ መጣ፤ ንግግሯ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ወልድያ ነበር የለመድነው። በጥር 2009 የተመረቀውን ትልቁን ስታዲየም ለማየት ሲባል ብቻ ስንት ጊዜ ሄደናል። መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቅ ላይ ቁርስ፣ መርሳ ላይ ሻይ፣ ከዚያ ጨዋታ፣ ማታ ቤት። ሚስት የማታኮርፍበት ጉዞ።

ያ ዘመን በኮሮና አበቃ። የ2012 የውድድር ዘመን መሀል ላይ ተሰረዘ። በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለስ ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መጫወት ጀመሩ፤ ከእሱ በታች ያለው ከፍተኛ ሊጉም በምድብ ተከፋፍሎ በዚያው መንገድ ሄደ። ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «ባለሜዳ» ተብሎ የተጫወተው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን አላሟሉምና። እንግዲህ የአንተ አዳማም የዚህ ዘመን ጉዞ ነው። ባለሜዳም እንግዳም የለበትም፤ ሁለቱም ቡድን ከቤቱ ርቆ ነው የሚጫወተው።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ምን ልንሠራ እንሄዳለን?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ልትሄድ የሚገባህ በዚሁ ምክንያት ነው እላለሁ። ሆጤ ላይ አንተ ከሺህዎች አንዱ ነህ፤ ብታረፍድም፣ ብትቀርም፣ ድምፅህ ቢዘጋም የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ አርባ ሦስት ሆነን እንዲህ ወዳለ ገለልተኛ ከተማ ሄድን። ስታዲየሙ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አሰልጣኙ ሲቆጣ ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል፤ ኳስ ስትመታ ድምፁ ባዶውን ወንበር ገጭቶ ይመለሳል። እዚያ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው ሠራዊት ነው። ሁለት ለአንድ እየተመራን ሳለን አንዱ ልጅ የግብ ጠባቂያችንን ስም ብቻውን ጮኾ ጠራ፤ ግብ ጠባቂው ዞሮ እጁን አነሳ። ሆጤ ላይ ይህን አይተህ ታውቃለህ? አላየህም፤ አይሰማማ።

ጨዋታው ሲያልቅ ያው ግብ ጠባቂ ወደ አጥሩ መጣ። ስለ ጨዋታው ይናገራል ብለን ስንጠብቅ «ደሴ ዘንቧል?» ብሎ ጠየቀን። ልጆቹ ከቤታቸው ከወጡ ሳምንታት ተቆጥረዋል፤ በሆቴል አልጋና በልምምድ ሜዳ መካከል ነው የሚኖሩት። አንዱ ከእኛ ውስጥ «ጦሳ ተራራ ከጉም ካልወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለው። ፈገግታውን ብታየው! ለዘጠና ደቂቃ አይደለም የምትሄደው፤ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። የውጪ ጉዞ የሚበላሸው በመሄጃው አይደለም፤ በመሄጃው ሁሉም ደስተኛ ነው፣ ሹፌሩም ጭምር። የሚበላሸው በመመለሻው ነው። በአንድ ዓመት በርካሽ ያገኘነውን አውቶቡስ ሙሉ ኪራዩን ከፍለን ተነሳን። እኔው ነኝ የከፈልኩት፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ጨዋታው አልቆ ስንወጣ አውቶቡሱ የለም። ሹፌሩ ስልኩን ዘግቷል፤ በኋላ እንደ ሰማነው ሌላ መንገደኛ አግኝቶ ጭኖ ሄዷል። አርባ ስድስት ሰው፣ ሦስቱ ገና ተማሪዎች፣ ማሊያ እንደለበስን አስፋልት ዳር ቀረን። ያን ማታ በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ባለቤቱን ለምነን አደርን፤ በማግስቱ አዋጥተን በሦስት ሚኒባስ ተከፋፍለን ተመለስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጌ አንድ ነው፦ ግማሹ ሲነሱ፣ ግማሹ ደሴ ሲገቡ። ውሉ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩና የሹፌሩ ስም ይጻፋል፤ ረዳቱም አብሮን ስታዲየም ይገባል። ረዳቱ ኳስ ባይወድም ይገባል። መኪናው ያለ እሱ አይሄድም።

ስለዚህ ለጥያቄህ ቀጥተኛው መልስ፦ ከደጋፊዎች ጋር ሂድ፤ ነገር ግን ገንዘብህን ከመስጠትህ በፊት ሰብሳቢውን «መመለሻውስ?» በለው። «አብሽር፣ እሱ አያሳስብህ» ካለህና ሌላ ካልጨመረ ገንዘብህን ይዘህ ወደ መናኸሪያ ሂድና ለብቻህ ተሳፈር። አብሽር ውብ ቃል ነው፤ ቁጥርና ሰዓት ግን አይተካም። ለምሳሌ ጨዋታው 10 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት ገደማ ያልቃል። «ወዲያው ተነስተን ሌሊቱን እንገባለን» የሚል ካጋጠመህ እንቢ በል። ሹፌሩ ሌሊት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ የነዳ ሰው ነው፤ ጫት በእንቅልፍ ላይ ክዳን ይሆናል እንጂ እንቅልፍን አያስቀርም። የጣርማበርን ቁልቁለት በጉም በዚያ ሁኔታ መውረድ አልፈልግም፤ አንተም አትፈልግም። እዚያው አድራችሁ ሲነጋ ውጡ። የአልጋውን ገንዘብ ከአሁኑ ለይተህ አስቀምጥ፤ ሰው የሚሳሳተው ለምግብ ሳይሆን ለአልጋ ሳይይዝ በመሄዱ ነው።

ልብስ ላይ ደግሞ ደሴ ስለምትኖር የምታውቅ ይመስልሃል። አታውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። እስከ አዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አዳማ ወደ መቶ ይጨምራል። በዚህ መሀል መንገዱ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከሚሴን አልፎ ሸዋ ሮቢት ላይ ያነድሃል፣ ከደብረ ሲና በላይ ወጥቶ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ሲያልፍ ጥርስህን ያንገጫግጨዋል፣ ደብረ ብርሃንን በብርድ አሳልፎ በመጨረሻ አዳማ ሙቀት ላይ ይጥልሃል። አንድ ወፍራም ጃኬት ያዝ፤ ጋቢ አትያዝ፣ ታቅፈኸው ትጨፍራለህ። ማሊያህን ከጃኬቱ ሥር ልበስና ስታዲየሙ በር ላይ ግለጠው። ይህን የምልህ ለፍርሃት አይደለም። በየከተማው ቆመህ ሻይ ስትጠጣ ከማንም ጋር ስለ እግር ኳስ የማትነታረክ ተራ መንገደኛ ብትሆን መንገዱ ያጥርልሃል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዛ፤ ይህ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነው።

መታወቂያህን አትርሳ። ኬላ ላይ አንድ ሰው መታወቂያ አልያዘም ተብሎ አርባ አምስቱ ወርደው ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ ቅጽል ስሙ «ኬላ» ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዋዜማው ጠይቅ። የምትጠይቀውም ያን ቀን ከዚያ የመጣ ሹፌርን ይሁን፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መንገድ ሁልጊዜ ወይ ዝግ ነው ወይ ክፍት፣ እውነቱ ግን ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ካልሆነ ይቅር። በኅዳር 2010 ወልድያ ላይ የአገሬው ቡድን ከመቀሌ ጋር ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በግጭት ሳይካሄድ ሲቀር ያዘነ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከቤቱ ጨዋታ ሊያይ የወጣ ሰው ቀብር ሊያስከትል አይገባውም።

ስታዲየም ውስጥ ስለ አፍህ አንድ ነገር ልበል። ዳኛውን ሳትሰድብ ዘጠና ደቂቃ ትጨርሳለህ ብዬ አላታልልህም፤ እኔም አልቻልኩም። ነገር ግን ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ ቦታው የሚነካ ዜማ አጠገብህ ከተጀመረ አትቀበል፤ ቶሎ ሌላ ዜማ አውጣ። ከንግግር ይልቅ ዜማ ያቋርጠዋል፤ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የወሎ ልጅ ዜማ አያጣም። ፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሜዳ አትወርውር፤ የጨዋታው ኮሚሽነር ይጽፈዋል፣ ቅጣቱ ለቡድኑ ይመጣል፣ ከባሰም ቡድኑ በዝግ ስታዲየም ይጫወታል። አንተ ለአንድ ሰከንድ ንዴትህን ተወጥተህ ሌላው ወር ሙሉ በር ላይ ይቀራል።

ብትሸነፉ? መመለሻው ረጅም ነው፣ አልዋሽህም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ማንም አያወራም። ከዚያ አንዱ ስለ ቆሎው ያነሳል፣ ሌላው ስለ ዳኛው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሰው ይስቃል፤ ከሚሴ ስትደርሱ የሚቀጥለው ጨዋታ ገንዘብ ይሰበሰባል። እኔ በድል ከተመለስንባቸው ጉዞዎች ይልቅ በሽንፈት የተመለስንባቸውን አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እናትህን በተመለከተ «አትፍሪ» አትበላቸው፤ እናት ይህን ስትሰማ ይበልጥ ትፈራለች። የሰብሳቢውን ስም፣ የአውቶቡሱን ሰሌዳ፣ የምታድርበትን ቦታና የምትመለስበትን ቀን በወረቀት ጽፈህ ስጣቸው። ኮምቦልቻ ስትደርስ፣ ደብረ ብርሃን ስትደርስ፣ አዳማ ስትገባ ደውል፤ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ አጭር። አራተኛውን ጎል ካገባን ትደውላለህ። አሁንም እንቢ ካሉ ስልኬን በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ፤ ይደውሉልኝና ላናግራቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ይሁን እንጂ፤ ከዚያ በኋላ የእኔዋ እናት «ገባህ?» ብላ የምትደውልበት ሰዓት ነው፣ አርባ አራት ዓመቴ ሆኖም አላቆመችም።