የአንድ አባት ልጆችን ማዳቀል

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የጀርመን ሼፐርድ ውሻዬ 11 ወሯ ሲሆን ሰሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ድራት ላይ ገብታ ደም ታሳያለች። ከዚራ ያለ ወዳጄ በአባት የሚገናኛት ወንድ ውሻ አለው፤ «ዘሩ እንዳይበረዝ ከእሱ ጋር አዳቅላት» ይለኛል። ወንዱ ትልቅና የሚያምር ነው፤ ብቻ አንዱ ቆለጡ አልወረደለትም። ለውድድር የሚበቃ ቡችላ ይወልዱ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ድራት አያዳቅሏት፤ ከዚህ ወንድ ጋር ደግሞ መቼም ቢሆን አያዳቅሏት።

የወንድ ቡችላ ቆለጦች በ8 ሳምንት ገደማ ይወርዳሉ፤ 6 ወር ሞልቶት ያልወረደ ከዚያ በኋላ ይወርዳል ተብሎ አይጠበቅም። ጉድለቱ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ እህቶቹም ሳይታይባቸው ለልጆቻቸው ሊያወርሱት ይችላሉ። በኤፍ ሲ አይ (ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን) ውድድር ዳኛው ዳብሶ ሁለቱንም ካላገኘ ውሻው ይሰናበታል። ሆድ ውስጥ የቀረው ቆለጥ ውሎ አድሮ ዕጢ ሊያወጣ ስለሚችል ወዳጅዎ ሁለቱንም በቀዶ ጥገና ቢያስወጡለት ይሻላል። ትልቅነቱም ነጥብ አያስገኝለትም፤ የዝርያው ቁመት ትከሻ ላይ ሲለካ ለወንድ ከ60 እስከ 65፣ ለሴት ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው።

ዘሩ እንዳይበረዝ የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። የማይዛመዱ ሁለት ንጹሕ ጀርመን ሼፐርዶች የሚወልዱት ያው ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ ነው። የአንድ አባት ልጆች ሲዳቀሉ ግን ቡችላው አንድን ጂን ከዚያው አያቱ በሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድሉ 12.5 በመቶ ይሆናል፤ ተደብቆ የኖረ በሽታ የሚወጣውም በዚህ ነው።

አሁን ለ3 ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ ዘግተው ያቆዩዋት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደሙ ሲሳሳ «አለቀ» ብሎ በሩን ሲከፍት ነው፤ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደሙ ፈዝዞ፣ ጅራቷን ወደ ጎን እያደረገች ወንድ የምትቀበለው ያኔ ነው።

ዓመት ከሞላት በኋላ የዳሌ ራጅ ያስነሷት። በጀርባዋ ተኝታ ሁለቱ የኋላ እግሮቿ እኩል ተዘርግተው፣ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ዞረው መነሳት አለባት። ይህ ያለ ማደንዘዣ አይሆንም፤ ጡንቻዋን ስታጠብቅ ዳሌዋ ይዘነበልና አንዱ መገጣጠሚያ ከእውነቱ የተሻለ፣ ሌላው የባሰ መስሎ ይታያል። ውጤቱ ከኤ እስከ ኢ ይሰጣል፤ ዲ ወይም ኢ ከመጣ ለእርባታ አትሆንም።

ጤነኛ ከሆነች 2 ዓመት ሲሞላት ያዳቅሏት፤ አስቀድሞ ግን ሁለቱም የብሩሴላ (በመዳቀል የሚተላለፍ፣ ጽንስ የሚያስወርድ ባክቴሪያ) ምርመራ ያድርጉ። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ስለሆነ በመጋቢት የተጠቃች በግንቦት፣ ድሬ በምትነድበት ወር ትወልዳለች። ቡችሎች በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነታቸውን ሙቀት መቆጣጠር አይችሉም፤ የሚስማማቸው ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ተቃቅፈው መተኛታቸውን ትተው ይበታተናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ውሃ ያልቅባቸዋል። በነሐሴ ወይም በመስከረም ብትጠቃ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው። ቡችሎቼን በ5 ሳምንታቸው የሚገዛ አግኝቻለሁ። ልሽጥ?

መልስ፦ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው ይጠብቁ። የንክሻቸውን ኃይል መመጠን የሚማሩት በእነዚህ ሳምንታት ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ነው። የትል መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንት ይስጧቸው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመርና እስከ 16ኛው ሳምንት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የሚደገመው ከእናት ወተት ያገኙት መከላከያ የመጀመሪያውን ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንት ይሰጣል፤ ቀኑን ካርዱ ላይ ጽፈው ለገዢው ይስጡ።