እንግዳ እምነቶችን ዞሮ መጻፍ ሥራ ይሆናል?

ጥያቄሽ ይህ ነው፦ የሶሺዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ስትመረቂ በአንድ ዓመት ስምንት አገር ዞረሽ ከተለመደው ውጪ የሆኑ እምነቶችን እያየሽ መጻፍ ትፈልጊያለሽ። «መተዳደሪያ ይሆነኛል ወይ?» ብለሻል።

ሊሆንሽ ይችላል፤ በስምንት አገር ግን አይሆንም። ዝርዝሩን ወደ አንድ አውርጂው። የጠቀስሻትን፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘውን የደሴት አገር የቫኑዋቱን ታና ደሴት ብንወስድ ምክንያቱ ይገባሻል። ጆን ፍሩም የተባለውን፣ ይመለሳል ብለው የሚጠብቁትን መንፈሳዊ አካል የሚከተሉ ሰዎች በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 15 የአሜሪካን ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ወንዶቹ ደረታቸው ላይ «ዩኤስኤ» ጽፈው፣ የቀርከሃ ጠመንጃ አንግተው ይሰለፋሉ። ለዚያች ቀን ብቻ ደርሶ የሚመለስ ሰው የሚጽፈው ያው ነው፦ የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያመጣውን ዕቃ አይተው ወታደሩን አመለኩ። እንቅስቃሴው ግን የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው፤ የቅኝ ገዢው አስተዳደር በ1941 መሪዎቹን አስሯል። ሕዝቡን ያኔ ከቤተ ክርስቲያን ካራቁት ቅሬታዎች አንዱ ሚስዮናውያኑ ካቫ የተባለውን የሥር መጠጥና የአገሬውን ጭፈራ መከልከላቸው ነበር። ይህን ታሪክ ሰልፉን በማየት ብቻ አታገኚውም፤ ወራት ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ወንዶች ማታ ካቫ የሚጠጡበት ናካማል በታና ለሴት ዝግ ነው። እዚያ የተወራውን በማግስቱ ጠይቀሽ ነው የምትደርሺበት። በአንጻሩ ወንድ ተመራማሪ የማይቀርበው የሴቶች ወግ ላንቺ ክፍት ይሆናል፤ ዕቅድሽን በዚያ ላይ ብትመሠርቺው ይሻላል። የአገሪቱ የጋራ መግባቢያ ቋንቋ የሆነው ቢስላማ አብዛኛው ቃሉ ከእንግሊዝኛ ስለመጣ ቶሎ ይለመዳል።

ገቢን በተመለከተ ሁለት በር አለ። አንዱ አንትሮፖሎጂ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ የመስክ ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ገደማ ነው፤ ወጪውን የምርምር ድጎማ ሊሸፍን ይችላል። ከጉዞው በፊት የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ዕቅዱን ማጽደቅ አለበት፤ ቫኑዋቱም በባህል ማዕከሏ በኩል የምርምር ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህ ሳያልቅ ቲኬት አትቁረጪ። ሁለተኛው ፍሪላንስ ጋዜጠኝነት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ የአውሮፕላን ወጪውን እንኳ መመለሱ ያጠራጥራል። ደመወዝ ያለው ሥራ ይዘሽ ሞክሪው።

ማስታወሻ ቀን ላይ በቁልፍ ቃላት ብቻ ጫር ጫር አድርጊ፤ ማታ ሳትተኚ አስፋፊው። ሁለት ቀን ካደረ የሰውየው አነጋገር በአንቺ አነጋገር ይተካል። ያየሽውን፣ የተነገረሽንና የገመትሽውን ለየብቻ ጻፊ።

በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራራማ አካባቢ በአምልኮ ላይ እባብ በእጃቸው የሚይዙትን ክርስቲያኖችም ጠቅሰሻል። በዚያ ያለችው የኬንታኪ ግዛት ይህን እ.ኤ.አ. በ1940 በሕግ ስለከለከለች፣ ፊት የሚለይበት ፎቶ የተነሳውን ሰው ለክስ ሊዳርገው ይችላል። ፈቃድ ስትጠይቂ ፎቶው የት እንደሚወጣ አስረጂው፤ ሐሳቡን ከቀየረ ተዪው።

ለመጀመር ግን ቲኬት አያስፈልግሽም። በአውቶቡስ ደርሰሽ መመለስ የምትችዪበት፣ እምነቱን የማታውቂው አንድ ማኅበረሰብ ምረጪ። እንግዳ መቼ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መጻፍ ይቻል እንደሆነ ኃላፊውን ጠይቂና ለሦስት ወር በየሳምንቱ ሂጂ። ከዚያ የሚወጣው ማስታወሻ ለድጎማ ስታመለክቺም ሆነ አርታኢ ጋ ስትቀርቢ የምታሳዪው ናሙና ይሆንሻል።