ጥያቄና መልስ፦ ወደ ካናዳ የሚያመለክት ነርስ የትኛውን የሙያ ኮድ ይሙላ?

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ የግል ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ የሆኑ እህት፣ ካናዳ ባለሙያ ስደተኞችን በምትመርጥበት የኢንተርኔት ሥርዓት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሲያመለክቱ፣ ካናዳ ለየሙያው ከሰጠቻቸው ኮዶች የነርስ ተቆጣጣሪዎችን 31300 ይሙሉ ወይስ የነርሶችን 31301 ለመወሰን ተቸግረዋል።

መልስ፦ ኮድ የሚመረጠው በሚሠሩት ሥራ እንጂ በር ላይ በተለጠፈው ማዕረግ አይደለም። አብዛኛውን ሰዓትዎን ተረኛ በመመደብና ሠራተኛ በመገምገም የሚያሳልፉ ከሆነ 31300 ነው፤ ኃላፊ ተብለውም መድኃኒት የሚሰጡና ሕመምተኛ የሚከታተሉ ከሆነ ግን 31301 ነው። ሁለቱም በአንድ የክህሎት እርከን ላይ ስለሚገኙ፣ የኃላፊነቱ ስም በዚህ በኩል የሚጨምርልዎት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የቀድሞው ባለ አራት አኃዝ የነርሶች ኮድ 3012 ይሠራል?

መልስ፦ ከኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አይሠራም።

ጥያቄ፦ የፒያሳው ጠያቂያችን የዲግሪ ነርስ ናቸው። አንድ ደላላ «ረዳት ነርስ ብለህ 33102 ሙላ፣ ይቀልልሃል» ብሏቸዋል፤ የሆስፒታሉ ደብዳቤም «ነርስ» ብቻ ስለሚል ለየትኛውም ይሆናል ብለው ያስባሉ።

መልስ፦ አይሆንም። እያንዳንዱ ኮድ የሙያው መግለጫና የዋና ዋና ተግባራት ዝርዝር አለው፤ ማመልከቻዎን የሚያየው የካናዳ ኢሚግሬሽን መርማሪም ይህን ዝርዝር ከአሠሪዎ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል። የእኛ አገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ የታወቀ ነው፦ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በነርስነት አገልግለዋል፣ ከደመወዛቸውም የሥራ ግብር ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል፣ ማኅተም። ግብር መክፈልዎ ተመስክሯል፤ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ግን አንድ መስመር የለም። ስለዚህ ለሰው ኃይል አስተዳደር ማመልከቻ ሲያስገቡ፣ በእርግጥ የሠሩትን ሥራ ዘርዝረውና በሜትሮን (በሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ) አረጋግጠው ያያይዙ፤ ሳምንታዊ ሰዓትዎ፣ ደመወዝዎ፣ የሥራ መደብዎና የፈራሚው ስልክም ይጠቀስ። የካናዳውን ዝርዝር ቃል በቃል መገልበጥ ግን ጥርጣሬ ያስነሳል። የሐሰት መረጃ መስጠት ለ5 ዓመት ከካናዳ ያሳግዳል፤ ቅጹን የሞላው ደላላው ቢሆንም የሚታገዱት እርስዎ ነዎት። በትክክል የተሞላ 31301 እንኳ በኦንታሪዮ ወይም በአልበርታ መርፌ ለመያዝ አያበቃም፤ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የየክፍለ ግዛቱ የነርሶች ተቆጣጣሪ አካል ነው።

ጥያቄ፦ ደብዳቤዬ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ እንዳለ ልላከው?

መልስ፦ ቀኖቹን ወደ ጎርጎርዮሳዊ በሚለውጥ ሕጋዊ ተርጓሚ ያስተርጉሙት። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሥር ባለው የፌዴራል የባለሙያዎች መርሐ ግብር የሚቆጠረው የመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት ልምድ ስለሆነ፣ 2012 ዓ.ም. እንዳለ ከተነበበ ልምድዎ ከነጭራሹ ላይቆጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ጤና መኮንን፣ ከነርሶች ጋር በአንድ ክፍል ስለሚሠሩ በ31301 ማመልከት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ እንዳያደርጉት። መርምሮ ሕክምና የሚያዝ ባለሙያ ተግባሩ ከነርስ ይለያል፤ የሐኪም ረዳቶችና አዋላጆች ያሉበትን 31303 የሚመስል ጎን ቢኖረውም፣ ይህን የሚወስነው የእርስዎ የዕለት ሥራ ዝርዝር ስለሆነ በዚህ ዓምድ አይፈታም። የካናዳ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ጠበቃ የግድ ያማክሩ። የአማካሪዎቹ መዝገብ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሰውየው አማካሪ ነኝ ካለ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስሙን ከመዝገቡ ያረጋግጡ፣ ከሌለ ቸርችል ጎዳና ላይ ያማረ ቢሮ መክፈቱ አያሳምንዎ።